ከክፍል ወደ ቤት፦ የወሩን ደብዳቤ እንዴት እናዘጋጅ?

«ዛሬ ምን ተማርሽ?»
«ምንም።»

ይህን ምልልስ የማያውቅ ወላጅ የለም። ልጅቷ እየዋሸች አይደለም። ከጠዋት ጀምራ የተማረችው ብዙ ነው። ጥያቄው ነው የሰፋባት፤ የቱን አንስታ የቱን ትተወው? ወላጅም ደብተር ይገልጣል፣ ራይትና ኤክስ ይቆጥራል፣ ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል።

እኔ አዲስ አበባ የ2ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በወር አንድ ጊዜ ወደ ተማሪዎቼ ቤት አንድ ገጽ ደብዳቤ እልካለሁ። በግል ትምህርት ቤቶች «ኒውስሌተር» ሲሉት ትሰማላችሁ። እኔና ልጆቹ «የወሩ ደብዳቤ» ነው የምንለው። ክፍያ፣ ስብሰባና ዩኒፎርም የሚነገርበት ማስታወቂያ ሌላ ነው፤ ከዚህ ጋር አይደባለቅ። የዚህ ደብዳቤ ሥራ እቤት ያለው ሰው «ምን ተማርሽ?» ማለቱን ትቶ «ጠረጴዛውን በስንዝር ስትለኩ ያንቺና የቲቸር ለምን ተለያየ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። እንዲህ ተብላ የተጠየቀች ልጅ «ምንም» ብላ አታልፍም።

አሠራሬን ከመስከረም ጀምሬ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የምጽፈው በተለይ የክፍል ኃላፊ ለሆናችሁ መምህራን ነው።

1. መጀመሪያ ማን እንደሚያነበው እወቁ

ይህን በመስከረም፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው በሚመጡባቸው የመጀመሪያ ቀናት ጨርሱት። ልጁ ከማን ጋር ነው የሚኖረው? ከእናትና ከአባቱ ጋር የሚኖር አለ። ከአያቱ፣ ከአክስቱ፣ ከታላቅ እህቱ ጋር የሚኖርም አለ። እኔ በዚህ ምክንያት ደብዳቤዬን «ውድ ወላጆች» ብዬ አልጀምርም። «ውድ ቤተሰቦች» እላለሁ። ከአክስቱ ጋር የሚኖር ልጅም ደብዳቤው የእሱም ቤት ደብዳቤ እንደሆነ እንዲሰማው እፈልጋለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ማንበብ ይችላሉ?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁ። የሚያሳፍር ጥያቄ ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «እማማ፣ በየወሩ ስለ ክፍላችን ደብዳቤ እልካለሁ። በወረቀት ይሻልዎታል ወይስ በስልክ በድምፅ ልላክልዎ?» ሰው ለራሱ የሚሆነውን ይመርጣል። እኔም መልሱን ከልጁ ስም ጎን እጽፋለሁ። እቤት የሚነገረው ቋንቋ አማርኛ ካልሆነም እዚያው ይመዝገብ። በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ድምፅ የሚቀዳላችሁ የሥራ ባልደረባ አይጠፋም።

ከአገር ውጭ ያለውንም ቤተሰብ አትርሱ። አያቷ ጋር የምትኖር ተማሪ አለችኝ። እናቷ ዐረብ አገር ናት። ድሮ ስትደውል «በላሽ? አጠናሽ?» ብላ ትዘጋ ነበር። ከሩቅ ሆና ሌላ ምን ትበል? አሁን ደብዳቤው በቴሌግራም ይደርሳታል። ስትደውል «እስኪ የአድዋን ነገር አጫውቺኝ» ትላለች። ይህን የነገሩኝ አያትየዋ ናቸው። ጨዋታው ረዝሞ የስልኩ ባትሪ እስኪያልቅ ነው የሚያወሩት።

2. ወሩን ሙሉ ሰብስቡ

ደብዳቤ በወሩ መጨረሻ ቁጭ ተብሎ ከባዶ አይጻፍም። ከባዶ ከተጻፈ «በዚህ ወር ልዩ ልዩ ትምህርቶችን ተምረናል» የሚል ነገር ነው የሚወጣው። ከጋዋኔ ኪስ የማትለይ ትንሽ ደብተር አለችኝ። ልጅ አንድ ነገር ሲል፣ ቃሉን ሳልለውጥ እጽፋታለሁ። ቀኑንና ስሙን እጨምራለሁ። በቀን አንድ መስመር ከበቂ በላይ ነው። ማታ እጽፈዋለሁ ብላችሁ አታሳድሩት፤ እስከ ማታ ቃሉ የእናንተ ይሆናል፣ የልጁ መሆኑ ይቀራል።

ስሙን የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለ። ክፍሌ ውስጥ 52 ልጆች አሉ። ከጥቅምት እስከ ሰኔ 9 ደብዳቤ ይወጣል። በየደብዳቤው 6 ልጆች ቢነሱ 54 ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ስሙን ደብዳቤው ላይ ያገኘዋል። ስም ዝርዝሩ ላይ ምልክት እያደረግሁ እሄዳለሁ። መጋቢት ላይ ምልክት የሌላቸውን አያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝምተኞቹ ናቸው። የዚያን ጊዜ ወንበሬን ወደ እነሱ አስጠጋለሁ። ደብዳቤው እኔንም ልጆቼን እንዳይ አስተምሮኛል።

3. አንድ ገጽ፣ አምስት ነገር

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ፊደሉ ጎላ ይበል፤ መነጽር የሌላት አያትም ታነበዋለች። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ልጆቹ የሠሩትና ያሉት፣ ከዚያ በሚመጣው ወር የምንማረው፣ ከዚያ እቤት አብሮ የሚሠራ አንድ ነገር፣ ከዚያ የቤተሰብ ወሬ፣ በመጨረሻ ቀኖች። ቀኖቹን ከላይ ካደረጋችሁት ሰው እሱን አይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል። ልጆቹን ከላይ አድርጓቸው።

4. ትምህርቱን በቤት ቋንቋ ጻፉት

ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከመምህሩ መምሪያ ወይም ከሳምንታዊ ዕቅዳችን ላይ እንገለብጣለን። «ተማሪዎች ልማዳዊና ዘመናዊ የርዝመት መለኪያዎችን ያነጻጽራሉ።» ይህ ለሱፐርቫይዘር ጥሩ ነው። እቤት ግን ማንም ሰው እንዲህ አያወራም።

ያው ትምህርት በመጋቢት ደብዳቤዬ ላይ እንዲህ ነበር የወጣው፦

«በመጋቢት ርዝመት መለካት ተማርን። መጀመሪያ ማስመሪያ አልያዝንም። ልጆቹ ጠረጴዛቸውን በስንዝር ለኩ። አንዱ 8 አለ፣ ሌላው 9 አለ። እኔ ስለካው 6 ሆነ። ‹ታዲያ ማን ተሳሳተ?› አልኳቸው። ክፍሉ ተንጫጫ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ‹ማንም አልተሳሳተም፤ ጠረጴዛው ለትልቅ እጅ አጭር ነው› አለች። ማስመሪያ ያወጣነው ከዚያ በኋላ ነው። ሴንቲ ሜትር በማንም እጅ ቢለካ ያው ነው። በሚያዝያ ደግሞ በሜትር የክፍላችንን ግድግዳ እንለካለን።»

እውነተኛው ደብዳቤ ላይ የልጅቷ ስም አለ። አንብቡትና እዩ፤ ወላጁ ስንዝርን ያውቀዋል። ልጁ ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገ፣ ወዴት እንደሚሄድ በአንዴ ገባው። ለመጻፍ የሚረዳኝ ዘዴ ቀላል ነው። አጠገቤ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠች ጎረቤቴ «ልጆቹ ሰሞኑን ምን እየሠሩ ነው?» ብትለኝ የምመልስላትን ነው የምጽፈው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ክፍል ውስጥ ያለው አሠራርና እቤት ያለው አሠራር ሲለያይ ልጁ መሐል ላይ ይጨነቃል። በመቀነስ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። 52 ሲቀነስ 27 ስንሠራ፣ እንጨቶችን አስር አስር በላስቲክ አስረን ነው። ከ2 ላይ 7 አይነሳም፤ ስለዚህ ከአምስቱ እስር አንዱን እንፈታለን። 12 ልቅ እንጨት ሆነ፣ 7 አነሳን፣ 5 ቀረ። 4 እስር ነበር፣ 2 አነሳን፣ 2 ቀረ። 25። ይህን ደብዳቤው ላይ በትንሽ ሥዕል አስቀምጡት። ያኔ አባትየው «በእኛ ጊዜ እንዲህ ነበር» ብሎ ሌላ መንገድ ከማሳየቱ በፊት የልጁን መንገድ ያየዋል።

ስህተትንም በዚሁ መንገድ አስረዱ። በፊደል ገበታ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲዘሩ 231 ይሆናሉ። የ2ኛ ክፍል ልጅ አንዳንዱን ገና ቢያደባልቅ የሚያስቆጣ አይደለም። «ልጃችሁ ‹ቤት› ለማለት ‹ቤተ› ብሎ ቢጽፍ ቃሉን ቀስ ብላችሁ ጥሩለት፣ የመጨረሻውን ድምፅ በደንብ ይስማ» የምትል አንዲት መስመር ብዙ ቁጣ ታስቀራለች።

5. እቤት የሚሠራ አንድ ነገር ስጡ፤ አንድ ብቻ

መስፈርቶቼ ሦስት ናቸው። ገንዘብ አይጠይቅ። ማንበብ ለማይችል ሰው የሚሆን ይሁን። ትልቁ ሰው የሚያውቀው ነገር ይኑርበት። «ባለ ቀለም ወረቀትና ማርከር ይገዛ» የሚል ነገር ከደብዳቤያችሁ ይውጣ። የመግዛት አቅም የሌላት እናት ደብዳቤውን መፍራት ትጀምራለች።

ለመጋቢት የሰጠሁት «አያትና ልጅ አልጋውን ወይም ጠረጴዛውን በየስንዝራቸው ይለኩ» የሚል ነበር። ለጥቅምት የቡናውን ሥነ ሥርዓት ተጠቀምኩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ቅደም ተከተል የሚባለውን የሒሳብ ትምህርት ልጆቹ ከረከቦት አጠገብ ተቀምጠው ተማሩት። ለኅዳር ደግሞ «ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለው ለምንድን ነው? በቤቱ ያለውን ትልቅ ሰው ጠይቁ» አልኩ። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ንጽሕና ተምረን ስለነበር ተገጣጠመ። ልጆቹ ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት ወሬ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ወሰደብን። ለየካቲትም «ስለ አድዋ መጀመሪያ የነገራችሁ ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። 1888 ዓ.ም. የሚለውን ቁጥር ከመጽሐፍ ያገኙታል። ማን እንደነገራቸው ግን ከቤት ነው የሚመጣው።

6. የቤተሰብ ወሬ

ይህ ክፍል የደብዳቤው ሙቀት ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገውም እሱ ነው። የሚገባው ወሬ ምን ዓይነት ነው? እኔ ሁለት ዓይነት አስገባለሁ። አንዱ ቤተሰቡ ራሱ ለክፍሉ ይነገርልን ያለው ደስታ ነው፤ ሕፃን ተወልዶ ከሆነ፣ ታላቅ ወንድም ተመርቆ ከሆነ። ሁለተኛው ቤተሰብ ለክፍላችን ያካፈለው ሙያ ነው። የአንድ ተማሪዬ አባት ልብስ ሰፊ ናቸው። በመለካት ሳምንት ጠየቅኋቸውና ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው መጡ። ልጆቹን ለሁለት ለሁለት አቁመው ክንድና ትከሻ አስለኳቸው። «ልብስ ሰፊ አንድ ሴንቲ ቢሳሳት እጅጌው ያጥራል» ሲሉ ልጆቹ ጸጥ ብለው ነበር። በወሩ ደብዳቤ ላይ ሦስት መስመር ጻፍኩላቸው። በሚቀጥለው ወር ዳቦ ጋጋሪ የሆነች እናት ራሷ «ቲቸር፣ እኔስ መቼ ልምጣ?» አለችኝ።

የማላስገባው ብዙ ነው። ሕመምና ሐዘን አይገባም። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ ለሐዘን ደግሞ በአካል ይደረሳል። ማን ምን ያህል አዋጣ፣ ማን ለክፍሉ ምን ገዛ አይገባም። ማን ከአገር ወጣ፣ የማን ቤት ባዶ ነው የሚያሰኝ ነገርም አይገባም። ልጆች ቤት ያለውን ሁሉ ይነግሩናል፤ ልጅ ነገረኝ ማለት ቤተሰቡ ፈቀደ ማለት አይደለም። ከማውጣቴ በፊት ደውዬ ወይም በር ላይ አግኝቼ «እንዲህ ልጽፍ ነው፣ ደስ ይልዎታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ፎቶም እንደዚሁ ነው። በመስከረም የፈቃድ ወረቀት አስፈርማለሁ። ያልፈረመ ቤተሰብ ልጅ ያለበትን ፎቶ አልልክም። የእጅ ሥራቸውን፣ ሥዕላቸውን፣ ከኋላ የተነሱትን መላክ ይቻላል።

ደረጃም አይገባም። ይህን የተማርኩት ልጅ ጎድቼ ነው። በመጀመሪያ ዓመቴ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ የሴሚስተሩን ከ1ኛ እስከ 10ኛ የወጡትን ደብዳቤው ላይ ዘረዘርኩ። ማበረታቻ መስሎኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ አንድ ልጅ ቦርሳው ውስጥ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ፣ ከደብተሩ ልባስ ሥር ደብቆት አገኘሁ። 11ኛ ነበር የወጣው። «ለምን አላደረስክም?» አላልኩትም። ገብቶኛል። ደረጃ በካርድ ላይ ይነገራል። የወሩ ደብዳቤ ላይ ማንም ከማንም አይበልጥም።

7. ቀኖች

አጭር ይሁን። የትኛው ቀን ትምህርት የለም፣ ፈተና መቼ ይጀምራል፣ የወላጅ ቀን መቼ ነው። ጥር 11ን፣ የካቲት 23ን፣ ሚያዝያ 27ን ሰው ያውቃቸዋል፤ ሰው የሚጠይቀው «ማግስቱንስ ትምህርት አለ?» ብሎ ስለሆነ እሱን ጻፉ። የኢድና የአረፋ በዓላት ቀን በጨረቃ ስለሚወሰን «ቀኑ ሲረጋገጥ እናሳውቃለን» በሉ። ውጭ አገር ያለ ቤተሰብ ካለ የፈረንጁንም ቀን ጨምሩ፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ማግስት ቀኑ በአንድ ስለሚገፋ በቃል አትቁጠሩ፣ ካላንደር ተመልከቱ። ሰዓትም ስትጽፉ «ከጠዋቱ 2፡30» ብላችሁ አስረዱ።

8. ከመላኩ በፊት

ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለዩኒት ሊደሩ አሳዩ። ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የቀን ስህተትም ይያዝላችኋል። ከዚያ ክፍል ውስጥ ደህና የሚያነብ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ያንብበው። እሱ የተደናቀፈበት ዓረፍተ ነገር ረዝሟል ማለት ነው፤ ለሁለት ቁረጡት። ስማቸው የተነሳ ልጆች ፊታቸው ሲፈካም ያኔ ታያላችሁ።

9. አላላክ

ዓርብ ይላክ። ቅዳሜና እሁድ ሰው እቤቱ ነው።

በወረቀት ለሚደርሳቸው ከቤት ጋር የምንጻጻፍበት ደብተር፣ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ውስጥ ይገባል፤ ኮሙኒኬሽን ቡክ ከሌለ የአማርኛ ደብተሩ ውስጥ። የወረቀት እጥረት ካለ ጽሑፉን አጠር አድርጋችሁ አንድ ኤፎር ላይ ሁለት ቅጂ አሳርፉ። ለ52 ልጆች 26 ወረቀት ይበቃል፣ መሐሉን መቁረጥ ብቻ ነው። ከዚያም ካነሰ አንዱን በር ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፣ ልጆቹ ደግሞ የቤቱን ሥራ በደብተራቸው ይገልብጡ።

በቴሌግራም ከሆነ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ፣ የግል ይሁን። ግሩፕ ላይ ደብዳቤው በ«ደህና አደራችሁ» ሥር ይቀበራል። ቻናል ላይ ወላጆቹ አንዱ የሌላውን ስልክ አያይም። በኮምፒውተር በማይክሮሶፍት ወርድ የተጻፈውን እንዳለ አትላኩ፤ የአማርኛው ፎንት በሰው ስልክ ላይ ተበላሽቶ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሊታይ ይችላል። ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት ወይም እንደ ፎቶ ላኩት።

ድምፁ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ። እንደ ዜና አንባቢ አታንብቡት፣ እንደምታወሩት አውሩት። እኔ የማጠናቅቀው የቤቱን ሥራ ሁለት ጊዜ በመድገም ነው። የሚሰማው ሰው መልሶ የሚያይበት ወረቀት የለውም።

10. ሰኞ ጠዋት

ከደብዳቤው ግርጌ ተቆርጦ የሚመለስ ቁራጭ አለ። ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ደብዳቤውን ማን ከማን ጋር አነበበው?» እና የቤቱ ሥራ መልስ። በድምፅ የሚደርሳቸው ቤተሰቦች ልጅም ባዶ ቁራጭ ይወስዳል፤ ራሱ ይሞላዋል። ሰኞ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ግማሽ ለዚህ ስጡ። የሰበሰባችሁትን ካላነሳችሁት በሚቀጥለው ወር አይመለስም።

በመጀመሪያው ወር ብዙ አትጠብቁ። ግማሹ ካልተመለሰም አትቆጡ፣ ልጁንም አትጠይቁ። ለቤተሰቡ ደውሉ፣ «ደብዳቤዋ ደረሰችዎ?» በሉ። ምናልባት ስልክ ቀይረው ይሆናል፤ ምናልባት ልጁ ቦርሳ ውስጥ ረስቶት ይሆናል።

የመጋቢቱ ቁራጮች አሁንም ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አሉ። ያቺ እናቷ ዐረብ አገር ያለችው ልጅ ያመጣችው ከላይ ነው። «በአያቴ ስንዝር 6፣ በእኔ 8 ተኩል» ይላል፣ በእሷው ጽሕፈት። «ማን ከማን ጋር አነበበው?» ከሚለው ጎን ጽሑፍ የለም። ሰማያዊ የጣት አሻራ ነው ያለው። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የጣት አሻራ አለ፤ ልጅቷም አትማለች።

ቁራጮቹን በወር በወር አስራችሁ አስቀምጡ። የሚቀጥለው ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ብዙ ጊዜ ከዚያው ክምር ውስጥ ይወጣል።